የታሸገው ፖስታና የልጄ ስድስት ዙር

ለተከበሩ የልጆችና የወጣቶች የአካል እንቅስቃሴ ምዘና ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አንድ ፎቅ ለመውጣት ሊፍት ቆመው የሚጠብቁት የምዘና ክፍልዎ ሠራተኞችም ሁሉ ደህና እንድትሆኑልኝ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተማርኩትም እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ስጽፍ ቀስ ስለምል ይህን ደብዳቤ ለመጨረስ ሦስት እሑድ ፈጅቶብኛል። በጋዜጣ እንዲወጣ የጠየቅሁት ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ የቀደሙትን ሁለት ደብዳቤዎች አሽጌ ልኬ መልስ ስላጣሁ፣ በእናንተ ዘንድም የታሸገ ነገር መቼ እንደሚከፈት አሁን ስለማውቅ ነው።

ያን ረቡዕ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስፌት ቤት ተቀምጬ የደንብ ልብስ ኪስ እየሰፋሁ ሳለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እኚህ ሰው ሲያዩኝ ሁልጊዜ "የዔሊ እናት፣ እንዴት ዋልሽ?" ብለው የሚቀልዱ ናቸው፤ ልጄ ደረጃውን ሦስት ጊዜ እያረፈች ስለምትወጣ ዔሊ ብለው ስም አውጥተውላት ነበር፤ እሷም "ዔሊም እኮ ትደርሳለች፣ አባባ፤ ይልቅ እርስዎ በሩን አይዝጉብኝ" ትላቸው ነበር። ያን ቀን ግን አልቀለዱም። "ልጅቱን ትንሽ አሟት ነውና ነይ" አሉኝና ፊታቸውን ሳያዞሩ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። ትንሽ ላመማት ልጅ ሽማግሌ ሰው እንዲህ እንደማይፈጥን ልቤ እያወቀው፣ መቀሱን በእጄ እንደያዝኩ ተከተልኳቸው። ስደርስ ሁሉም አልቆ ነበር። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነበር።

ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ "በቁጥር ካልሆነ አያነቡልሽም" ስላለኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከሩጫው ፈተና በፊት ወደየቤታችን ለላካችሁት መጠይቅ አመሰግናለሁ። "ባለፉት ሰባት ቀናት ልጅዎ ልብን በፍጥነት የሚያስመታ እንቅስቃሴ ለስንት ቀን አደረገ?" ይላል። እኛ ቤት ደግሞ ሐኪሟ፣ አባቷና እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የደከምነው ያ ልብ በፍጥነት እንዳይመታ ነበር፤ ከነችግሩ የተወለደ ልብ ነውና። ስለዚህ "ዜሮ" ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ጠዋት በጫማ ሰፊው በር፣ ከዚያም በመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ አረፍ እያለች ትምህርት ቤት ድረስ በእግሯ እንደምትሄድ፣ ማታም ከሰፋሁት ልብስ ላይ ክር እየለቀመች ስታግዘኝ እንደምታመሽ የምጽፍበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ለካ እሱ እንቅስቃሴ አይደለም።

፪ኛ. ስለ ምስጢር አጠባበቃችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከመጠይቁ ጋር "የጤና ችግር ያለበት ልጅ የሐኪም ማስረጃ ያቅርብ" የሚል ማሳሰቢያ ስለነበረ፣ ከክሊኒኩ "ይህች ልጅ መሮጥ የለባትም" የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አውጥቼ በእሷው እጅ ላክሁ። ወረቀቷን የተቀበለችው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ በመመሪያችሁ እንደታዘዘው፣ ማንም ሳያየው ከሌሎቹ ልጆች ወረቀት ጋር ፖስታ ውስጥ ከትታ አሸገችው። ፖስታው የሚከፈተው በእናንተ ቢሮ፣ ከፈተናው ውጤት ጋር አብሮ ከደረሰ በኋላ ነው። ፊሽካ የሚነፋው የስፖርት መምህር እንዳይከፍተው ተከልክሏል። ቢሯችሁ መጥቼ ስጠይቅ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና "እናቴ፣ ሕጉ እኮ የወጣው ለልጅዎ ክብር ሲባል ነው" አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ። የልጄን ሕመም ማወቅ ከነበረበት ሰው ሁሉ በሚገባ ደብቃችሁልኛል።

፫ኛ. ሩጫው ራሱ እንዴት እንደሆነ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ነግራኛለች። ግቢው ላይ ሁለት መስመር ይሰመራል፤ ድምፅ ማጉያው ጢጥ ባለ ቁጥር ልጆቹ ከአንዱ ወደ ሌላው መድረስ አለባቸው፤ ጢጡ እየቆየ ይፈጥናል። ልጄ መስመሩ ላይ ከመቆሟ በፊት "ቲቸር፣ እኔ ወረቀት አለኝ" ብላዋለች። እሱም "ወረቀትሽ ፖስታ ውስጥ ነው፣ እኔ አላየሁትም፤ ያለ ቢሮው ፈቃድ ማንንም እንዳላስቀር ታዝዣለሁ፤ አይዞሽ፣ የቻልሽውን ያህል ብቻ ሩጪ" አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለቅሶ ላይ ከወንበር አልነሳ ብሎ ሲያለቅስ የዋለው እሱ ነው።

እሷም ሮጠች። እዚህ ላይ ብዕሬ ብዙ ጊዜ ቆሟል። ጓደኛዋ እንዳለችኝ፣ ስድስተኛው ጢጥ ከማለቱ በፊት መስመሩን ረግጣ "ደረስኩ እኮ!" ብላ ሳቀች። በዕድሜዋ ከእኩዮቿ ጋር ስትሮጥ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። በስንት ልመና ሩጫ የከለከልኳት ልጅ ደስ ብሏት ነበር ሲሉኝ፣ በእናንተ ልናደድ ወይስ በራሴ እስካሁን አላውቅም፤ ይህንን የሚመዝን ክፍል ካላችሁ ይጠቁሙኝ።

፬ኛ. ከቀብሯ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በስሟ ለላካችሁልን የውጤት ወረቀት አመሰግናለሁ። እንዲህ ይላል፦ "ስድስት ዙር። በራሷ ፈቃድ አቋርጣለች። የእንቅስቃሴ ደረጃ፦ ዝቅተኛ። ወላጅ፣ ልጅዎን ብዙ ከመቀመጥ እንድትቆጠብ ያበረታቱ።" ከሥሩ የክሊኒኩ ወረቀት ቅጂ ተያይዟል፤ "ተመልክተነዋል" የሚል ማኅተምም ተመቶበታል። አባቷ ማኅተሙን አይቶ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለና ከቤት ወጣ።

"በራሷ ፈቃድ" የሚለው እንዲሰረዝልኝ ስጠይቅ፣ የእርስዎ ምክትል ቅጹ ያሉት ሦስት ሣጥኖች ብቻ እንደሆኑ አስረዱኝ፦ አጠናቀቀ፣ በራሱ ፈቃድ አቋረጠ፣ አልቀረበም። ኮምፒዩተሩ አራተኛ አይቀበልም አሉኝ። እኔም ከሦስቱ የትኛው እንደሚስማማኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አሰብኩ።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠየቅሁም፤ ሰው ከሥራው ይባረር አላልኩም። የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። ልጄ በፈቃዷ አላቋረጠችምና ያንን ቃል ያጥፉልኝ። ሁለተኛው ይበልጣል፦ በሚቀጥለው ወር ፈተናው በሌሎች አሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች እንደሚካሄድ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ፖስታውም ያው እንደታሸገ እንደሚቀመጥ ከመስኮቷ ልጅ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። በእነዚያ ፖስታዎች ውስጥ የሌላ እናት ወረቀት አለ። እባክዎ ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት መምህሩ ይክፈተው። ይህን ለማዘዝ አንድ መስመር ይበቃል፤ እኔ እንኳ ይኸው ጽፌዋለሁ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት እንደሚያነቡልኝ በመተማመን፣ ለሥራዎ ያለኝን አክብሮት ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣ ለልጆችዎም ረጅም ዕድሜና ጤናማ ልብ እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
በውጤታችሁ ዝቅተኛ ደረጃ ያገኘችው ልጅ እናት

ሳልረሳው፦ የውጤት ወረቀቱ ጀርባ ላይ ልጄ የዛሬ ዓመት፣ በዚሁ ወር፣ ምቹ ጫማ አድርጋ ለድጋሚ ምዘና እንድትቀርብና መሻሻሏ እንዲታይ ቀጠሮ ይዛችሁላታል። ስለ አሳቢነታችሁ አመሰግናለሁ፤ ቀጠሮውን ግን ለሌላ ልጅ ስጡት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ ደግሞ፣ ልጆቻችሁ መስመር ላይ ከመቆማቸው በፊት ወረቀታቸው ማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። ከዚያም በየእምነታችሁ አንድ ጊዜ ጸልዩላት። ለእኔ መጽናናትን አትለምኑልኝ፣ እሱ ይቆየኝ፤ ለእሷ ዕረፍትን ለምኑላት።