የአቶ ኤግበርት ሊበርድ አካፋ

አቶ ኤግበርት ሊበርድ ከአባታቸው ከአቶ ጆሳያ ሊበርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልሚራ ክላክስተን፣ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በኔቪስ ደሴት ጂንጀርላንድ በተባለ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1936 ተወለዱ። የተወለዱ ዕለት ያለቀሱት ለቅሶ ባሕር ተሻግሮ ጎረቤት ደሴት ሴንት ኪትስ ድረስ ተሰምቷል። በመንደራቸው ትምህርት ቤት እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምረው፣ በጥጥ እርሻ ሠርተው፣ በ1957 በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ሊድስ ከተማ ገቡ። ሠላሳ አንድ ዓመት በብረት ማቅለጫ አገለገሉ። በ1961 ከወይዘሮ ቬሪና ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1963 አብሯቸው በመርከብ የመጣው ሄስኬዝ በማቅለጫው ተቃጥሎ ሞተ። ሬሳው ጉድጓድ እንደገባ የመቃብሩ ሠራተኞች፣ «እናንተ ሂዱ፣ ሻይ ጠጡ፤ የቀረውን እኛ እንሸፍነዋለን» አሉ። አቶ ኤግበርት ኮታቸውን አወለቁ። «እኛ አገር ሰው ጉድጓድ ውስጥ ትቶ ሻይ የሚጠጣ የለም። አካፋውን ወዲህ በል።» ሴቶቹ እየዘመሩ፣ ወንዶቹ እየተፈራረቁ አፈሩን መለሱ። ከዚያ ወዲህ የእሳቸውን አፈር ሳይለብስ በሊድስ ያረፈ የደሴት ሰው የለም፤ ሺህ ይሆናል፣ ሁለት ሺህ ቢባልም የሚከራከር አይገኝም።

በ2020 ወረርሽኙ ወይዘሮ ቬሪናን ሲወስዳቸው ግን አቶ ኤግበርት ራሳቸው ሆስፒታል ነበሩ። አካፋ መያዝ ተከልክሎ ስለነበር መቃብሩን የዘጋው ማሽን ነው። በስልክ፣ «በእጃችሁ ነው የሸፈናችኋት?» ሲሉ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው የእህታቸው ልጅ ካልቨርት፣ «ታዲያስ አጎቴ! ሦስት አካፋ ሰብረናል» አላቸው።

ቤት ሲመለሱ አካፋቸውን ከተሰቀለበት ሳይወርድ፣ አቧራ ለብሶ አገኙት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየእሑዱ የጓሯቸውን አፈር በከረጢት ይዘው በአውቶቡስ ይሄዱና በባለቤታቸው መቃብር ላይ በእጃቸው ይበትኑ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ።

የብረቱ ብናኝ ከሳንባቸው አልወጣምና ከገና ጀምሮ አልጋ ያዙ። ካልቨርትን አስጠርተው፣ «አፍህን እናውቀዋለን፤ አሁን ክንድህን እናያለን» አሉት። የካቲት 19 ቀን 2024፣ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው አረፉ።

አቶ ኤግበርት ሦስት ልጆችን፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆችን፣ አንዲት እህትንና ይህን የእህት ልጅ ትተዋል። ከላይ የተጋነነ ነገር ካለ ይቅር ይባል፤ የሦስቱ አካፋ ነገር ግን ውሸት ነበር።

ዛሬ ማሽኑ ከበር ተመልሷል። ስድስት አካፋ ከመቃብሩ ዳር ቆሟል፤ አንዱ የራሳቸው ነው። ወንዶች ኮታችሁን አውልቁ፤ ሴቶች እስኪደለደል ዝማሬው አይቋረጥ። አፈሩን እኛ እንመልስባቸዋለን፤ ገለባ የሚያደርግላቸው እግዚአብሔር ነው።