ስትስቅ የምንሄድባት ልጅ

ውድ ታቲ፣

አድራሻሽን የሰጠኝ የሕፃናት ማቆያው ጥበቃ ነው። መጀመሪያ ክልክል ነው ብሎኝ ነበር፤ ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ ግን ነገረኝ። ስልክሽም አለኝ። ብደውል ግን ገና «ሃሎ» ስትይ እንደማለቅስ አውቀዋለሁ፣ አንቺም የሰው እንባ አትችይም። ስለዚህ ይኸው በምሳ ሰዓት፣ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ አንሶላ የምናጥፍበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ እጽፍልሻለሁ። ወረቀቱ የራሰበት ቦታ ካለ እንፋሎቱ ነው በይ።

ልጄ ድንቡሼ መሳቅ ፈርታለች። የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው።

ይህን ስም ያወጣሽላት አንቺ ሞግዚቷ ነሽ፣ ማቆያ በገባች በመጀመሪያው ቀን ጉንጯን አይተሽ። ያኔ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም ብላ ነበር፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅሻቸው አንቺ ነሽ። በዚያው ሰሞን ዳይሬክተሯ ወላጆችን ሰብስበው የተናገሩትንም አትረሺውም። እዚህ ማቆያ ስንብት የለም፣ ቻው ማለት ለቅሶ ማስረዘም ነው፣ ልጁ ሲስቅ ጠብቃችሁ ሹልክ በሉ አሉን። ፀጉር አስተካካዩ አባት እጁን አውጥቶ፣ ሚስቴ እንዲህ ብትሾልክብኝ እኔ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምሄደው ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው አልሳቁም። እኛም ስቀን ስናበቃ እሺ ብለን ተነሳን። ስንት ልጅ ያሳደጉ ሴትዮ ናቸው፣ ምን ብለን እንከራከራለን? እኔ ደግሞ አለቃዬ የሥራ መግቢያውን በር ሳትዘጋ መድረስ ነበረብኝ።

ካልሲውን ያመጣሽው ከዚያ በኋላ ነው። ግራጫ፣ ተረከዙ የተበሳ፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ቁልፎች ዓይን የሆኑለት። እጅሽን ታስገቢበትና እንደ አሻንጉሊት የልጄን አንገት አሽትቶ ያስነጥሳል። እሷ በሳቅ ትፈርሳለች፣ አንቺ በትከሻዋ አሻግረሽ ትጠቅሽኛለሽ፣ እኔ እግሬ አውጪኝ። ኮሪደሩን ስጨርስ እንኳ ሳቋ ይሰማኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር። የሌሎቹ እያለቀሱ ሲቀሩ የእኔዋ እየሳቀች ትቀራለች ብዬ አውቶቡስ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሳይቀር አውርቻለሁ።

ነገሩን ቀድመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። አንድ ቀን ማታ ልወስዳት ስመጣ ጫማዋን እያሰርሽላት፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «እህቴ፣ ስትስቅ እኮ መሃል ላይ ታቆምና በሩን ታያለች» አልሽኝ። ልጅ ናት፣ ይተዋታል አልኩሽ። አንቺ ግን ዝም አላልሽም፤ ወላጆች እንዲሰናበቱ ይፈቀድ ብለሽ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሽ። እናት ሁሉ ቻው ካለች ክፍሉ ለቅሶ ቤት ይሆናል ብለው መለሱሽ። ይህን ስትነግሪኝ አነጋገራቸውን አስመስለሽ አሳቅሽኝ፤ በዚያው አለፈ።

ከዚያ አንቺም የውሃ ሽታ ሆንሽ። ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ መዛወርሽን እኛ የሰማነው ከሄድሽ በኋላ ነው። ጥበቃው እንዳለኝ፣ አዲሷ ሞግዚት ካልሲውን አጥልቃ ልጆቹን ስታስቅ አንቺ ሽርጥሽን ፊትሽ ላይ አድርገሽ በወጥ ቤቱ በር ወጣሽ። አልፈርድብሽም፣ ታዘሽ ነው። ልጆቹ ግን ስቀው ዞር ሲሉ ታቲ የለችም። መጋረጃውን ገልጠው ፈለጉሽ፣ የፍራሹን ክምር አፈረሱት። የኔዋ ካልሲውን ከሞግዚቷ እጅ መንጭቃ ውስጡን አየች አሉ። ከዚያ ክንዷን እስከ ክርኗ ከትታ ፈለገችሽ።

አባቷን ታውቂዋለሽ፣ ከባድ መኪና ነው የሚነዳው፣ ከመንገድ ሲመለስ ቤቱ በእሱ ጫጫታ ይሞላል። ባለፈው እንደመጣ ወደ ላይ ወርወር አድርጎ ቀለባትና ብብቷን ኮረኮራት። አንዴ ሳቀች። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አባ፣ አታስቀኝ።»

«ለምን የኔ እናት?»

«ከሳቅኩ ትሄዳለህ።»

ያ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣ ሰውዬ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጣት። ራቱንም ሳይቀምስ ተኛ። በማግስቱ ግን ጭነቱ ይጠብቀዋል፣ መሄዱ አልቀረም።

እኔም ሞክሬያለሁ። አንድ ጠዋት ሕጋቸውን ጥሼ የክፍሉ በር ላይ ተንበረከክሁና አሁን ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ከእንቅልፍሽ ነቅተሽ መክሰስሽን ስትጨርሺ እመጣለሁ አልኳት። ፊቴ ላይ ዓይኗን ተክላ ሰማችኝ። አዲሷ ሞግዚት ታለቅሳለች ብላ ደንግጣ ካልሲውን ስታወጣ፣ ልጄ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን በጣቶቿ ደፈነች። ማታ መጥቼ ተመለስኩ አይደል ብላት ፊቷን አዙራ ጫማዋን ፈለገች። ዳይሬክተሯ ሌላ ጊዜ ብትደግሚው ሌላ ማቆያ ትፈልጊያለሽ ብለውኛል። በሰፈራችን ሌላ የለም። እናቴ ራሷ ደጋፊ ነው የምትፈልገው። ሥራዬን እንዳልተው ቤቱ የቆመው በሁለት ሰው ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በየማለዳው እጇን ይዤ እዚያው እወስዳታለሁ።

የእሑዱን ለአባቷም አልነገርኩትም። ልብስ እየተኮስኩ ሳለ የአባቷን ትልልቅ ጫማዎች አጥልቃ፣ ኮፍያውን እስከ አፍንጫዋ ደፍታ፣ እንደ እሱ እየተንገዳገደች ወደ ሳሎን ገባች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ራት የለም እንዴ?» አለችኝ፣ ቁርጥ አባቷን። ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ከሳቅኩ! ካውያውን አስቀምጬ፣ ወንበሩን ተደግፌ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ልጄ ተመለሰችልኝ አልኩ። ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል የለችም። መኝታ ቤት የለችም፣ መታጠቢያ ቤት የለችም። የውጭው በር ገርበብ ብሏል። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ያገኘኋት ዋናው መንገድ ዳር፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ በአባቷ ጫማ ቆማ ነው፤ መኪኖቹ በአጠገቧ ውልብ ውልብ ይላሉ። አንስቼ ደረቴ ላይ ለጥፌ ስጮህባት፣ ምንም ሳትደነግጥ፣ የሚታወቅ ነገር እንደምታስረዳኝ ሆና፣ «አንቺ ሳቅሽ፣ እኔ ሄድኩ» አለችኝ።

ታቲ፣ ከማቆያው የተማረችው ይህንን ነው። ፊደሉንም ቀለሙንም ገና አታውቅም፣ ይህን ግን አንድም ሳታጎድል ታውቀዋለች።

በዕረፍት ቀንሽ ቤቴ ነይልኝ። ምንም እንዳትይዢላት፣ እንዳታስቂያትም። አጠገቧ ቁጭ በይና ስትነሺ «እኔ አሁን እሄዳለሁ» በያት፣ እያየችሽ በፊት ለፊቱ በር ውጪ። ካለቀሰች ታልቅስ፣ እኔ እይዛታለሁ። ይህ ያድናታል ብዬ አይደለም፤ ተስፋውስ አልቆብኛል። ግን ቢያንስ አንድ ሰው ሲሄድ ትየው።

እስክትመጪ በሩን እየቆለፍኩ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። እሷ ባለችበትም እንዳልስቅ እጠነቀቃለሁ።

የድንቡሼ እናት