ስንት ወለድሽ ቢሉኝ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ያ የጉልበትሽ ሕመም በብርዱ አልጠናብሽም? እኔ ከደጅ ለሚያየኝ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጎረቤቴ ፍቅሩ ነው። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽው ለዛሬ ነው፤ ማንንም አንብቡልኝ እንዳትይ። ስለ ልጄ ክርስትና በስልክ ስትጠይቂኝ ወሬ የምቀይረው ሰልችተሽኝ አይደለም። መልሱ በስልክ አልወጣ ብሎኝ ነው።

ሥራ አገኘሁ ያልኩሽ እንዲህ ነው። እዚህ ሀረም በሚባል ሰፈር ተከራይተው የሚኖሩ ያገራችን ሴቶች ቤት ከአንዲት ግብፃዊት ሐኪም ጋር እየዞርኩ አስተረጉማለሁ። ዶክተር ሙኒራ ትባላለች። ደግ ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ግን እንዳንቺ ታማርራለች። አንድ ቀን የአንድ አገር ጤና በምን ይታወቃል ብላ ጠየቀችኝ። በሆስፒታሉ ብዛት አልኳት። ሳቀችብኝ። ከሚወለዱት ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ስንት እንደሆኑ በመቁጠር ነው አለችኝ። እናትየው የምትጠጣው ውሃ፣ የምትበላው፣ ሲያማት የሚያያት ሰው መኖሩ፣ ሁሉም እዚያች ቁጥር ውስጥ አለ አለች።

እናም ስንት ወለድሽ፣ ስንቱ በሕይወት አለ እያልን ዞርን። የወለድኩት ሁሉ አለ፣ ተመስገን ይላሉ። ዶክተሯ ደስ አላት። ማሻአላህ፣ የእናንተ ሕፃናት ብርቱ ናቸው አለችኝ። እኔም ኮራሁ፤ ሲያመሰግኑን የምጠላ ሰው አይደለሁም።

ነገሩ የተበላሸው ከፍያለች የምትባል የጎጃም ሴት ቤት ነው። ሁለት ወልጃለሁ፣ ሁለቱም አሉ ብላ መለሰች። ዶክተሯ ቀድማ ወርዳ እኔ ጫማዬን ሳስር፣ በመሃል አንድ ወንድ ነበረኝ፣ ክርስትና ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው ሄደብኝ አለችኝ። ታዲያ ለምን አልተናገርሽም ብላት ግራ ገብቷት አየችኝ። ያልተጠመቀ፣ ስም ያልወጣለት፣ ጓሮ የተቀበረ፣ ለቅሶ ያልተቀመጡለት ልጅ እንዴት ይቆጠራል አለችኝ። ያን ጊዜ በየቤቱ የሰማሁትን ተመስገን ሁሉ መልሼ አሰብኩት።

አንቺንም አሰብኩሽ። ስንት ወለድሽ ሲሉሽ አራት ትያለሽ። ታዲያ ከጓሯችን ቀጋ ሥር እንዳንጫወት ለምን ትቆጪን ነበር? እባብ አለ ትይን ነበር። እባብ እንዳልነበረ አሁን ገባኝ። ሆድ ይፍጀው ብለሽ ስትኖሪ አጠገብሽ እየሳቅሁ ማደጌ አንጀቴን ይበላዋል።

የሰማሁትን ለዶክተሯ ነገርኳት። ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ እንደገና እንጠይቃለን አለች። አጠያየቃችንንም ቀየርነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ አንቺስ ወልደሽ ታውቂያለሽ አለችኝ። ከተዋወቅን ገና ነው፣ አታውቅም። አልወለድኩም አልኳት። አፌ እንዴት እሺ እንዳለኝ እንጃ።

እማ፣ ከዚያ ወዲህ የማስበው ልጄን ነው። ይህ አገር አገሯ አይደለም፤ አገራችን መወለዷን አልሰማችም። እናቷም ከካደቻት ማን ይቆጥራታል? ነገ ጠዋት ዶቂ በሚባለው ሰፈር ያለው የዶክተሯ ቢሮ ሄጄ፣ ተሳስቻለሁ፣ አንድ ወልጃለሁ እላታለሁ።

ለክርስትናዋ ያሠራሽውን ነጠላ አትላኪው፤ ሳትደርስበት ሄደችብኝ፤ አንቺው ጋ ይቀመጥ። ለሌላ ልጅም እንዳትሰጪው። ስሟ ሶሊያና ነው። ቄስ እስኪጠራት ሳልጠብቅ እያጠባሁ እጠራት ነበር። አንቺም በቀጋው በኩል ስታልፊ አንዴ ጥሪልኝ። እዚያ ላለውም እስከ ዛሬ ካላወጣሽለት ስም አውጪለት፤ ሁለቱ አብረው ይጠሩ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜ ጨምሮ ያቆይልኝ። እኔንም ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ልጅሽ፣
የሶሊያና እናት