የእማሆይ ጀሪካን

እሑድ

ዛሬም ተሳካልኝ። ጎረቤቴ እማሆይ ኪዳን ሊያደርሱ ወጡ፤ የምርኩዛቸው ኳኳታ ቁልቁለቱን ጨርሶ እስኪጠፋ በሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ ከውዱእ ውሃው ገና እጄ አልደረቀም፤ ብርዱ ጣቴን ቆረጠመው። በአጥሩ ሽንቁር ሾለክሁ፣ ከደጃቸው ቢጫዋን ጀሪካን አነሣሁ፣ ከበርሜሌ ሞላሁ፣ መልሼ ቦታዋ ላይ አስቀመጥኋት። ማንም አላየኝም። ምንዳውን አላህ ለዘሀራ ያድርግላት።

ዘሀራ፣ ሚስቴ፣ ከሞተች ወዲህ ሰደቃ የማወጣበት ቦታ ቸግሮኝ ነበር። አገሬ መርሳ ብሆን በግ ይታረዳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ዱዓው ይደምቃል። እዚህ ላሊበላ በግ ባርድ ማን ይበላልኛል? ጎረቤቶቼ ክርስቲያኖች ናቸው፤ የእኔን ሥጋ አይበሉም፣ እኔም የእነሱን አልበላም። በዚያ ላይ ጾም ገብቷል። ውሃ ግን ሁላችንም እንጠጣለን። እማሆይ ግቢ ቧንቧ የለም፤ በዚያ ጉልበታቸው ቦኖ ድረስ ይወርዱ ነበር።

ለማንም አልናገርም። አባቴ “ሰደቃህን ካወራህ ለአላህ የሰጠኸውን መልሰህ ለሰው ሸጥከው ማለት ነው” ይለኝ ነበር። ማውራቱንስ ብፈልግ ለማን አወራለሁ?

ሰኞ

ዛሬ የሠራሁት አንዲት ሱሪ ማሳጠር ብቻ ነው። ከስፌት መኪናዬ ጋር ማውራት ጀምሬአለሁ። ክሩ ሲበጠስ “ደሞ ምን ሆንሽ?” እላታለሁ። ቢያንስ አትመልስልኝም፤ የመለሰችልኝ ቀን ነው የሚያስፈራው።

ልጄ ከኮምቦልቻ ደወለች። “አብዬ፣ እዚያ ማን አለህና ነው? ቤቱን ዝጋና ና።” ማን አለኝ? ለዘሀራ ብዬ ውሃ የማመላልስበት ግቢ አለኝ ልላት አልችልም። ሥራ አለኝ አልኳት። ሳቀች። እስከ ቅዳሜ ወስኜ እነግርሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ማክሰኞ

እማሆይ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። ከዘሀራ ቀብር ወዲህ ከእግዜር ይመስገን ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ስማኝማ ሰይዶ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ ለሰው ትንፍሽ እንዳትል።”

ደረሱብኝ ብዬ ደነገጥሁ።

“መልአኩ ውሃዬን እየሞላልኝ ነው።”

“የትኛው መልአክ፣ እማሆይ?”

“ገብርኤል ነዋ! ሌላ ማን ሊሆን ነው?”

ሳቄን በሳል አፈንሁት። ወዲያው ሳቁ ጠፍቶ ንዴት መጣ። እኔ ነኝ እኮ! ወገቡን እየያዘ በዚያ ብርድ የሚሾልከው ሰይድ ነው! ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

“ከተወራ ይቀራል ይላሉ አባቶች። ላንተ ግን ሳልነግርህ ብቀር ከበደኝ” ብለው ገቡ።

እኔ ካወራሁ ምንዳው ይቀራል፤ እሳቸው ካወሩ መልአኩ ይቀራል። አንዱን ነገር ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ሆነን ደብቀነዋል። ለምን ለእኔ ነገሩኝ? ከማታ ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ነው።

ረቡዕ

እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ምንዳውን ብቻ አይደለም የምፈልገው። አንድ ሰው “ሰይድ ደግ ሰው ነው” ብሎ ቤቴ ገብቶ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። የዘሀራ ወንበር ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከምሬበታለሁ፤ ባዶውን ማየት አልችልም።

ብናገርስ? አንድ ቃል ነው። እማሆይ ይደነግጡ ይሆናል፣ ከዚያ ይመርቁኛል፣ ምናልባትም ገባ ወጣ ይላሉ። ግን መልአካቸውን እቀማቸዋለሁ፤ ለዘሀራ ያልሁትንም እኔው እበላዋለሁ። ያ ረቢ፣ ምላሴን ያዝልኝ።

የውሃ ፈረቃችን ዛሬ ቀረ። በርሜሉ ወደ ታች ወርዷል። ብርድ ብርድ ይለኛል።

ሐሙስ

ትኩሳት። ጧት በርሜሉን ዘንበል አድርጌ የቀረችውን ለእማሆይ ቀዳሁ፤ ጀሪካኗ ከግማሽ አላለፈችም። የእኔን ማታ እሞላለሁ ብዬ ነበር። ፈረቃው ማታም አልመጣም። ለውዱእ መታጠቢያ የሚሆን እንኳ ስላልነበረ በአፈር ተየሙም አድርጌ ተቀምጬ ሰገድሁ።

ምላሴ ደርቋል። በር ያንኳኳ የለም። ብሞት የስፌት መኪናዋ ዝም ማለቷን ማን ልብ ይላል? ልጄ እውነቷን ነው። ቅዳሜ ስትደውል እሺ እላታለሁ።

ዓርብ

ጁምዓም አመለጠኝ። ከቀትር በኋላ የምርኩዝ ኳኳታ ሰማሁ፤ ግን ወደ እኔ በር ነው የሚመጣው።

“የመኪናህ ድምፅ ከትናንት ጀምሮ ጠፋብኝ” አሉ እማሆይ ገና ሳይገቡ። ጨርቁን ከዘሀራ ወንበር አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡና ተቀመጡበት። ከነጠላቸው ሥር ጣሳ አወጡ።

“ጠጣ ልጄ። ይሄ ተራ ውሃ እንዳይመስልህ። ማን እንደሞላው ታውቃለህ።”

“እርስዎስ?”

“ትናንት እኩሌታውን ነው የሞላልኝ። ዛሬ ጭራሽ አልመጣም። ያለችውን እንካፈላት።”

ጠጣሁ። የበርሜሌ ዝገት ጣዕም አለው፤ እኔ እንጂ ሌላ ሰው አያውቀውም። እንባዬ መጣ። አለቀስሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

“አይዞህ፣ ትኩሳቱ ነው። መልአኩ ይማርህ።”

አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልሁ ጣሳውን ጨረስሁ። የወጣኝ ቃል “አሚን” ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው አጫወቱኝ።

ቅዳሜ

ሌሊት ፈረቃው መጣ፤ ውሃው በርሜሉ ውስጥ ሲንፏፏ ነው የነቃሁት። ትኩሳቱ ለቅቆኛል። እማሆይ ሲወጡ ጠብቄ ሾለክሁ።

ከቢጫዋ ጎን ሌላ ትንሽ ሰማያዊ ጀሪካን ቆማለች። እንግዳ ይጠብቁ ይሆናል ብዬ ሁለቱንም ሞላሁ።

ረፋዱ ላይ ሰማያዊዋን አንጠልጥለው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ በሬ ላይ ደረሱ። “ሰይዶ! ለታመመው ጎረቤቴም ብዬ ስምህን ጠርቼ ለምኜ ነበር። ይኸው ላንተም ሞላልህ!”

ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኋቸው። ከዘሀራ ወዲህ ስሜን ጠርቶ የለመነልኝ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

ልጄ ደወለች። “ወሰንክ አብዬ?”

“ትንሽ ልቆይ” አልኳት። “ጧት ጧት ሥራ አለኝ።”

“ምን ሥራ?”

ስቄ ስልኩን ዘጋሁ። ወገቤ ይችለው እንደሆነ እንጃ፤ ከእንግዲህ ሁለት ጀሪካን ነው።