በድምፅ ብልጫ የተደረበ ባሌስትራ

ሰኞ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1975

አሁን ይሄ ምን ይባላል? የክሊኒካችንን ጂፕ ጎማዋን አውልቀው ድንጋይ ላይ ሰቅለዋታል! ጠዋት የቀበሌው ክሊኒክ ስገባ የምትቆምበት ቦታ ባዶ ነው። ዘበኛውን የት ሄደች ብዬ ብጠይቀው «ከድር ጋራዥ። ቁመቷ ሊጨመር ነው» ብሎኝ እርፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ሊቀ መንበራችን ጓድ ሽብሩ ለችግኝ ተከላ እንጦጦ ወጣ። ከማርያም ጀርባ ያለው ወንዝ መሻገሪያ ላይ የጂፗ ሆድ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከበላይ የመጡ እንግዶች ቆመው እያዩት ጓድ ሽብሩ ጭቃ ውስጥ ወርዶ ገፋ። በቃ! የእሱ ጫማ ስለ ጨቀየ መኪና ከፍ ትደረግ ተባለ። እኛ ስንቷን ወላድ ይዘን እዚያው ድንጋይ ላይ ስንቀመጥ የት ነበር?

እኔን ያንገበገበኝ ቀኑ ነው። ታናሽ እህቴ ጽጌ እዚያ ማዶ ናት። ባሏ አሰፋ የደን ጠባቂ ስለሆነ ቤታቸው ከወንዙ ወዲያ፣ መኪና በግድ የሚደርስበት ነው። ወሯ ገብቷል። አምና የመጀመሪያ ልጇን ደም ፈሷት አጥታለች። ዘንድሮ ጳውሎስ ሆስፒታል ያያት ሐኪም እንግዴ ልጁ ከታች ነው ብሏታል። ደም ከጀመራት በቀላሉ አይቆምም። «እንዳትንገላታ። ወሯ ሲገባ ቀስ አድርጋችሁ አምጧትና ከሆስፒታሉ አጠገብ ትቀመጥ» ነው ያለው። ቅዳሜ በጂፗ ላመጣት፣ እኔ ቤት ልትቀመጥ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።

አሁን ጂፗ እግር የላትም። ቅዳሜ ትደርሳለች ይላሉ። ደግሞ እንዴት ሆና እንደምትደርስ ማን ያውቃል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 12

ከሥራ ስወጣ ከድር ጋራዥ ሄድኩ። ከድር ደግ ሰው ነው፣ ግን እምቢ የሚል ቃል አልፈጠረበትም። ሹፌራችን ጋሽ ተካም እዚያው እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

በሕይወቴ ስለ ባሌስትራ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ከመኪናዋ ሥር ተደራርቦ የጎበጠው ብረት ነው፣ ጉድጓድ ሲመጣ ታጠፍ ዘርጋ የሚለው። ከድር እንዳስረዳኝ ጂፗን ከፍ ለማድረግ፦

— ከከባድ መኪና የወለቀ ወፍራም ባሌስትራ መደረብ። ጥሩ ከፍ ትላለች፣ ግን ትደርቃለች።

— ባሌስትራውን ያንጠለጠለውን ብረት በረጅም መለወጥ። ይሄን ጋሽ ተካ ገና ሲሰማው «ቁልቁለት ላይ እንደ ሰካራም ልትወዛወዝ! እኔ አልነዳም» አለ።

— የራሷን ባሌስትራ አውልቆ፣ በእሳት አግሎ፣ መልሶ ማጉበጥ። ከፍታው ትንሽ ነው። ልስላሴዋ ግን አይነካም። እሳት የነካው ብረት አንዳንዴ ይከዳል አለ ከድር።

ትልልቅ ጎማ ማግባትም ነበር። ጎማ ከየት ተገኝቶ!

«የቱ ነው ሰው የማይንጠው?» አልኩት። ሦስተኛው አለኝ። «ድንጋዩን የሚያልፈውስ?» የመጀመሪያው። «አንተ ብትሆን የቱን ትሠራለህ?» ስለው «ያዘዛችሁኝን ነዋ ሲስተር!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ። እኔ እህቴን አስባለሁ፣ እሱ ይስቃል።

ሦስተኛው ይሁን ብያለሁ። ጽጌ እንደ ወተት ልትናጥ አይደለም። ነገ የቀበሌ ስብሰባ አለ። እናገራለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 13

እርር ድብን ብያለሁ። ባሌስትራ እጅ በማውጣት ተወሰነ! እንዲህ ያለ ነገር የት አገር አለ?

ጓድ ሽብሩ መጀመሪያ ስለ ተፈጥሮ ቁጥጥር ተናገረ፣ ቀጥሎ ስለ ድርቅ፣ ቀጥሎ ስለ ሰፊው ሕዝብ ቁርጠኝነት። ሰዉ ግማሹ ተኝቷል። በመጨረሻ ጂፕ ላይ ደረሰ። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህቺ መኪና የምትጭነው ወላድና በሽተኛ ነው። የከባድ መኪና ብረት ከተደረበባት ሰው ታሳምማለች። የራሷ ባሌስትራ ይጉበጥ» አልኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። አፌን አልዘጋ ብዬ እህቴን ጨመርኩ። ጓድ ሽብሩ ወዲያው ቃሌን አፈፍ አደረጋት። «ጓድ ስንዱ የግል ጉዳይዋን ከሕዝብ ጥቅም እያስቀደመች ነው። ሂስ ይያዝልኝ!» ተያዘ። የግል ጉዳይ! ይሄን ልጅ ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ ቂጡን የወጋሁት እኔ ነኝ።

«ወፍራሙ ይደረብ የምትሉ?» እጅ ብቻ ሆነ አዳራሹ። የሴቶች ማኅበሯ ሊቀ መንበር፣ ሁለቱንም ልጆቿን ያዋለድኳት፣ መሬት መሬት እያየች አወጣች። አንድ ሽማግሌ በጎረቤታቸው ክርን ነቅተው አወጡ። ስንወጣ ብጠይቃቸው የስኳር ራሽን ጉዳይ መስሏቸው ነው። ከእኔ ጋር የቆመችው የቦኖ ውሃ ተቆጣጣሪዋ ብቻ ናት፣ እሷም ሽብሩን ስለማትወደው።

ጋሽ ተካም አወጣ! ውጭ ጠብቄ ያዝኩት። «አንተም?» አልኩት።

«ሲስተር፣ የጂፗ ሆድ ድንጋዩ ላይ ከተቀመጠ ጽጌ እዚያው ነው የምትቀረው። መናጥ ይሻላል መቅረት?»

እውነቱን ነው። ይሄ ደግሞ የባሰ አንጨረጨረኝ። ቤት ገብቼ ድስት ጥጄ ረሳሁት፣ አረረ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 14

ዝናብ። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሲወርዱ ሽሮ ሜዳ ጠብቄ ለጽጌ መልእክት ላክሁ። መኪናዋ ካልሆነች ወንዶቹ በቃሬዛ ያውርዱሽ ብዬ። ባለፈው ሳምንት የላኩት መልስ ሳያገኝ ነበር የቀረው፣ የዛሬው መልስ ግን ከሰዓት በአንዷ በኩል መጣ። «ሬሳ ነኝ እንዴ በቃሬዛ የምወጣው? ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ» ትላለች። ግትርነት ከማን ወረሰች! እዚያ ቁልቁለት ላይ በጭቃ አንዱ ተሸካሚ ቢያዳልጠው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የቱንም ባስብ ልቤ አያርፍም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 15

መጣች። ጂፗ ግመል አክላለች። ለመሳፈር ጋሽ ተካ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ወላድ በምኗ ትወጣለች ብሎ ያሰበ አንድ ሰው የለም። ጓድ ሽብሩ አጠገቧ ቆሞ ቁመቷን በደረቱ እየለካ ፈገግ ይላል።

ለሙከራ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄድን። እግዚኦ! ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ። የመድኃኒት ሣጥኑ ተነሥቶ ጣሪያ መታ፣ ሐምራዊው የቁስል መድኃኒት ነጭ ካፖርቴ ላይ ፈሰሰ። የሸማ ነጋዴዎቹ ከየሱቃቸው ብቅ እያሉ ሳቁብኝ። ስንመለስ ጓድ ሽብሩ «እህስ፣ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ጥሩ ናት» አልኩት፣ «ለድንች።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ሌላ ሂስ ይያዝብኝ እንደሆነ ይያዝ። ከቤቴ ፍራሽ፣ ከክሊኒኩ ፍራሽ አዘጋጅቻለሁ። ጋሽ ተካን እንደ እንቁላል ትነዳለህ ብዬዋለሁ። እንቁላልም ብትሆን በዚህች መኪና አትተርፍም፣ አውቀዋለሁ። ፈርቻለሁ። ንዴቴን ሳራግፈው ከሥሩ ያለው እሱ ነው፣ ፍርሃት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 16፣ ኪዳነ ምሕረት

ጳውሎስ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ላብድ ነው።

ጠዋት ፍራሹን ስንጭን ከእንጨት ተሸካሚዎቹ አንዷ እየሮጠች ደረሰች። ጽጌ ደም ጀምሯታል። ከዚያ በኋላ ለጋሽ ተካ ስለ እንቁላል የተናገርኩት ሁሉ ቀረ። በረርን። ባዶዋን መኪና እየነጠረች ሽቅብ አወጣት፣ ራሴ ጣሪያውን ስንት ጊዜ እንደመታ አላውቅም። ወንዙ ሞልቷል። ድንጋዩ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሆዷን ሳይነካት አለፈች! ሽብሩን ልመርቀው ትንሽ ቀረኝ። ዋጥኩት።

ጽጌን ከነፍራሿ ጫንናት። ፊቷ ነጥቷል። ዞር ስል ጂፗ ሰው ሞልታለች። መንደሩ በሙሉ ሊሸኝ ተነሥቷል። እኔ ደግሞ ሕግ አለኝ፣ ታማሚና አንድ ዘመድ፣ አለቀ። ሁሌም የምጣላው በዚህ ነው።

«ውረዱ! አውቶቡስ ነው እንዴ? ውረዱ!»

እማማ ዘርፌ የሚባሉ አዋላጅ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ ጋ ተደላድለዋል። «ልጄ፣ ወላድ ብቻዋን አትሸኝም» አሉ፣ ንቅንቅ የለም። እሳቸው ካልወረዱ ማን ይወርዳል? ጊዜ የለም፣ ጉዞ ሆነ። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፣ እኔ በውስጤ እሳደባለሁ። ከንዴቴ ብዛት መኪናዋ መናጥ ማቆሟን እንኳ ልብ አላልኩም።

ወንዙን ተሻግረን ጭቃው ዳገት ላይ ጋሽ ተካ «ቀለል ትበል፣ ውረዱ» አለ። ወረዱ። እሰይ አልኩ። ዳገቱን ጨርሰን ድንጋያማው ላይ እንደወጣን መኪናዋ ያንን የትናንቱን አመሏን ጀመረች። ጓ! ጓ! ጽጌ «ወይኔ እህቴ!» ብላ እጄን ነከሰችው። ከሥሯ ያለውን ጨርቅ አየሁት። አዲስ ደም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብረቱ የከባድ መኪና ነው፣ ሸክም ካልከበደው አይታጠፍም። ቅድም ያለሰለሰን የመንደሩ ሰው ክብደት ነው!

በመስኮት ብቅ አልኩ። «ግቡ! ሁላችሁም ግቡ! ምን ትጠብቃላችሁ!»

«ቅድም ውረዱ፣ አሁን ግቡ! ምን ዓይነት ሴት ናት እቴ!» እያሉ እማማ ዘርፌ በጭቃ ይሮጣሉ። ገቡ። አልበቃኝም። እንጨት ተሸካሚዎቹ ከነሸክማቸው ከመንገዱ ዳር ቆመው ያዩናል። «እናንተም ግቡ! እንጨታችሁንም ጫኑት!» አሰፋን ሲያዩ ደነገጡ፣ በየቀኑ እንጨታቸውን የሚቀማቸው እሱ ነዋ። አሰፋም ልማድ ሆኖበት «ይሄ እንኳ ከክልክሉ ደን...» ብሎ ጀመረ።

«አፍህን ዝጋና ጫን!» አልኩት። ወርዶ እስሩን በራሱ ትከሻ እያነሣ ጫነ። እያለቀሰ ነበር።

እንጨቱ ከፍራሹ ግራና ቀኝ፣ ሰዉ ከእንጨቱ ላይ። ከዚያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ጳውሎስ፣ መኪናዋ እሹሩሩ እያለች ወረደች። ጽጌ አንዴም አልጮኸችም። አለመጮኋ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ለቀቀብኝ፣ የደም ሥሯን ይዤ ስቆጥር ነው የደረስነው።

ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ደም ያስፈልጋል ሲባል ከጂፗ የወረደው ሁሉ ተሰለፈ። እማማ ዘርፌ በዕድሜ ምክንያት አይሆንም ሲባሉ ከነርሷ ጋር ተጣልተዋል። እስካሁን ድምፃቸው ይሰማኛል።

በሩ አልተከፈተም። ብዕሬን አስቀምጬ በሩ ጋ ልቁም።

እሁድ፣ ሐምሌ 17

ሴት ልጅ ናት። በሕይወት አለች። ጽጌም አለች!

ትናንት በሩ ሲከፈት የሐኪሙን ፊት አይቼ ነው ያወቅኩት፣ የተናገረውን አልሰማሁትም። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ብሎ ሳይጨርስ አሰፋ እግሩ ላይ ወደቀ። ሐኪሙ ደነገጠ፣ እኔም አብሬ ደነገጥኩ።

ዛሬ ጓድ ሽብሩ ብርቱካን ይዞ መጣ። ከአልጋው ግርጌ ቆመና «አየሽ ጓድ ስንዱ፣ ብዙኃኑ አይሳሳትም» አለኝ። ልፈነዳ ደረስኩ። ያደበነኝ ደግሞ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። እኔ ባልኩት ቢሆን ኖሮ ወንዙ ላይ ቀርተን ነበር። እሱ ባለው ብቻ ቢሆን ደግሞ ባዶዋ መኪና እህቴን ትገድላት ነበር። ይሄን ሁሉ ልነግረው አፌን ከፍቼ ብርቱካኑን አየሁትና ተውኩት። ተቀበልኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ከተደረበው አንድ ብረት ይቀነስ ብዬ እጄን አወጣለሁ፣ ሂሱንም አብሮ ይያዘው።

እሱ ሲወጣ ጽጌ ነቃች። ከንፈሯ ደርቋል፣ በጥጥ አረጠብኩላት። ግንባሯን እየዳበስኩ «መኪናዋ ናጠችሽ አይደል፣ የኔ እናት?» አልኳት።

ዓይኗን ሳትገልጥ «መኪናዋስ ደህና ነበረች» አለች። «የናጠኝ ያንቺ ጩኸት ነው።»

ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ጋር ከሰኞ ጀምሮ የታመቀው እንባ ተከትሎ መጣ። ከአጠገቧ አልጋ ያለችው ሴት ሰው የሞተብኝ መስሏት አጽናናችኝ።

ደሙ ቆሟል። ትኩሳት እንዳይነሣባት ገና መጠበቅ አለብን፣ ሙሉ በሙሉ አላረፍኩም። ልጅቷ ግን ከተወለደች ጀምሮ ኮሪደሩን በጩኸት አፍርሳዋለች። አክስቷን ነው የወጣችው ይላሉ። ይበሉ።