የእትዬ ዘውዴ በርበሬ በርገን ደረሰ

ማክሰኞ፣ ጁን 10፣ ጠዋት። ሪችፊልድ

ሻንጣውን እንደገና ዘረገፍኩት። ሚዛኑ አሁንም እምቢ። ቤቲ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች። "ማም፣ ሰቨን ኪሎ ኦንሊ!" ትላለች፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። ልጄ ናት፣ እዚሁ የተወለደች። በአማርኛ እቆጣታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። የጀርባ ሻንጣው የእሷ ነው። ሆስቴሎቹንም ቡክ ያደረገችልኝ እሷ ናት።

ለምን እንደምሄድ ለአንቺ ልንገርሽ፣ ደብተሬ። እዚህ ሚኒሶታ ያገኘሁት ሽማግሌ ሁሉ አያቴ ከኖርዌይ ነው የመጣው፣ ቅድመ አያቴ ከስዊድን ናት ይለኛል። ስንት ዓመት ሰማሁ! ይሄ ሁሉ ሰው ጥሎት የመጣው አገር ምን ቢሆን ነው? ሄጄ ልየው አልኩ። በቃ ይኸው ነው። ሻኮፒ መጋዘን ካርቶን ሳሽግ እኖራለሁ፣ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር አዲስ አበባ፣ ወይ ሠርግ ወይ ለቅሶ። ለራሴ ብዬ አንድ ቀን የትም ሄጄ አላውቅም።

ጥፋቱ በጸሎት ቡድናችን ውስጥ መናገሬ ነው። በሰላም እንድመለስ ጸልዩልኝ አልኩ፣ ሌላ ምን አልኩ? በማግስቱ ቫይታሚን የያዘች፣ የሕፃን ልብስ የያዘች፣ ጫማ የያዘች በሬን ታንኳኳለች። ለኦስሎ አድርሺልኝ፣ ለስቶክሆልም አድርሺልኝ። አንዷማ ለጀርመን! በርካሽ አውሮፕላን ነው የምሄደው፣ ከማላውቀው ሰው ጋር በተደራራቢ አልጋ ነው የምተኛው፣ ቦታ የለኝም ብዬ ሁሉንም መለስኩ። አኮረፉኝ። ያኩርፉ።

እትዬ ዘውዴን ግን መመለስ አቃተኝ። ከታች ፎቅ ጎረቤቴ ናቸው፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ትልቅ ሰው። ልጃቸው ራሄል በርገን ናት፣ ኖርዌይ። ባሏን ትታ ወጣች። እናት "ወደ ቤትሽ ተመለሺ" አሏት። ከፋሲካ ወዲህ የእናቷን ስልክ አታነሳም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። በርበሬ ይዘው መጡ፣ በቴፕ ጠፍረው ጠፍረው ድንጋይ አስመስለውታል። ላዩ ላይ በማርከር "ራሄል" ተጽፏል። "በእጇ ስጪልኝ። ፊቷን አይተሽ ንገሪኝ። ምንም አትበያት" አሉኝ።

ሁለተኛ ጫማዬን አወጣሁ። በርበሬው ገባ። ሚዛኑ ተስማማ።

ሐሙስ፣ ጁን 12። ኮፐንሀገን

ደረስኩ፣ ጌታ ይመስገን። ስምንት አልጋ በአንድ ክፍል። ወንድና ሴት ድብልቅ! ለቤቲ ጻፍኩላት። "ኢት ዋዝ ቺፐር፣ ማም" አለችኝ። የደረሰኝ የላይኛው አልጋ ነው፣ መሰላሉን ስወጣ ጉልበቴ ተንቋቋ። ከነካልሲዬ፣ ሻሽ አስሬ፣ በርበሬውን ተንተርሼ ተኛሁ። ከሥሬ ያለው አንድ ጺማም ወጣት ነው። ከእኔ ይልቅ እሱ የፈራ ይመስለኛል።

ሰው አይነጋገርም እዚህ። ዓይኑን ወለል ላይ ተክሎ ይገባል፣ ይወጣል። እኔ እንደዚያ አልችልም። አልጋ ለአልጋ ዞሬ እንደምን አደራችሁ አልኳቸው። ከየት ናችሁ፣ እናት አባት ደህና? ጺማሙ ደነገጠ። ፊንላንድ ነው አገሩ፣ ስሙ ዩሃኒ። እናቱ ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

አንዷ ግን ወሬ ትወዳለች። ዳኑታ ትባላለች፣ ከፖላንድ፣ ጡረታ የወጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ትልቅ የጭነት መኪና ስትነዳ ኖራለች። እንግሊዝኛዋ እንደ እኔው ስብርብር ያለ ነው፣ ለዚህ ይሆናል ወዲያው የተግባባነው። እሷም ወደ በርገን ናት።

ራበኝ። አንድ ሳህን ሾርባ የሚጠይቁት ዋጋ! ኩሽና ውስጥ ዳኑታ ዳቦና ቋሊማ ዘረጋችልኝ። አይ፣ በልቻለሁ አልኩ፣ ወግ ነዋ። እሺ ብላ መልሳ ፍሪጅ ከተተችው። ሁለተኛ ትለኛለች ብዬ ቁጭ አልኩ። አላለችኝም። የኛ ሚኒሶታዎች እንኳ እየደጋገሙ ይለምናሉ እኮ!

ቅዳሜ፣ ጁን 14። ኮፐንሀገን

ምን ላድርግ፣ ደብተሬ። የሰው አደራ ፈታሁ።

ምስር ገዛሁ፣ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ሽንኩርት ኩሽናው ውስጥ ሰው ጥሎት የሄደ አገኘሁ። ምስር ያለ በርበሬ ምን ሊሆን ነው? አንድ ማንኪያ ብቻ አልኩ። እትዬ ዘውዴ እንደሆነ አያዩኝም። ቴፑን በቢላ ቀደድኩት። አንዱ ማንኪያ ሦስት ሆነ። ምድጃው ደግሞ የማላውቀው ዓይነት ነው፣ ሲግል አይቀላም፣ ዘይቱ ሲቃጠል አላወቅኩም። በርበሬውን ስጨምረው ጭሱ ተትጎለጎለ። መስኮት ዝግ።

መጀመሪያ ዳኑታ አነጠሰች። ከዚያ ዩሃኒ በሳል አለቀሰ። ከዚያ ኮሪደሩ ሁሉ። ከዚያ የእሳት አላርሙ! ሕንጻው በሙሉ በነጠላ ጫማ ዝናብ ላይ ወጣ፣ ፎጣ ያገለደመም ነበረ። እኔ ማንኪያዬን ይዤ መሐል ቆሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

የሆስቴሉ ኃላፊ እያሳለ መጣና ምንድነው ያቃጠልሽው አለኝ። ምሳ አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለት ቀን ሰላምታ የነፈጉኝ ሰዎች ዝናብ ላይ ወሬ ያዙ። ዩሃኒ ሳይቀር! ከክረምት ጀምሮ ብቻውን እንደሚዞር፣ ፍቅረኛው እንደተወችው፣ ሁሉን ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምሳው ተርፏል ወይ አለኝ።

ተርፎ ነበር። እንብላ አልኳቸው። አንዴ ነው ያልኩት፣ ሁሉም ቁጭ አሉ። እነዚህ ሰዎች እሺ ካሉ እሺ ነው፣ እምቢ ካሉ እምቢ። ገባኝ አሁን። ዳኑታ ስታቀርብልኝ እኔም እሺ ብዬ እበላለሁ ከእንግዲህ። ዩሃኒ ላቡ ጺሙ ላይ እየወረደ ድስቱን በዳቦ ጠረገው።

ሆዴ ጠገበ፣ ልቤ ግን አልተረጋጋም። "ራሄል" የሚለው ጽሑፍ መሐሉ ላይ ተቀዷል። ሌባ የፈታው ነው የሚመስለው።

ሰኞ፣ ጁን 16። በርገን

ከዳኑታ ጋር ደረስን። ተራራና ዝናብ። ቤቱ ሁሉ ቀለም የተቀባ፣ ቁጭ ብሎ ባሕሩን ያያል። ቆንጆ ነው እኮ! ለምን ጥለውት መጡ? ለሚኒሶታ በረዶ?

ራሄል ጋ ደወልኩ። አነሳች፣ የማታውቀው ቁጥር ሆኖባት ነው መሰለኝ። እትዬ ዘውዴ ስል ድምፅዋ ቀዘቀዘ። ይቅርታ እህቴ፣ ደክመሻል፣ ግን አልፈልግም፣ መልሰሽ ውሰጂው አለች። ዘጋች።

እትዬ ዘውዴ ደግሞ በድምፅ መልእክት ላይ መልእክት። "አየሻት ወይ? ከስታለች ወይ?" አልመለስኩም። ምን ልበላቸው? ልጅዎ በርበሬዎን አልፈልግም አለች? ሴትዮዋ ይታመማሉ። የመጨረሻ ክራቸው ይሄ ነው፣ እሱም ተቀዶ እኔ እጅ ላይ።

ለዳኑታ ነገርኳት። ብዙ አላዘነችልኝም። ሾፌር ተቀባዩን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ዕቃውን በር ላይ ያደርሳል አለች። መንገድ ላይ የተጎዳ ነገር ካለ ግን አስቀድሞ ይናገራል። ደብቆ አያስረክብም።

አሰብኩበት። እኔ ስንት ካርቶን አሽጌያለሁ፣ አንዱም ሰው እጅ ሲገባ አይቼ አላውቅም። ይሄን እንኳ ልየው።

ለራሄል በድምፅ ላኩላት። የእናትሽን በርበሬ ፈትቼዋለሁ፣ ሦስት ማንኪያ ጎድሏል፣ ኮፐንሀገን ላይ አንድ ሆስቴል ሙሉ ሰው በፎጣ ዝናብ ላይ አስወጥቼበታለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ነገ ቀኑን ሙሉ ሆስቴሉ ነኝ፣ አድራሻውን ልኬልሻለሁ። ካልመጣሽ ቀሪውንም ጨርሼ ኖርዌይን አስነጥሳለሁ።

ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ልተኛ ነው።

ማክሰኞ፣ ጁን 17። በርገን

መጣች!!

ኩሽና ውስጥ ሻይ እየጠጣን ነበር። አንዲት ሴት የአረጋውያን መንከባከቢያ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ በር ላይ ቆመች፣ እጇን አጣምራ። የእትዬ ዘውዴ ግንባር ቁርጥ! እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ረሳሁ። እኔ! በርበሬውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ከነቅዱ።

ቆማ አየችው። በማርከር የተጻፈውን በጣቷ ነካችው። "ለዚህች በርበሬ ይሄን ሁሉ ቴፕ? እማዬ አትለወጥም" አለች። ከዚያ "እውነት በፎጣ?" ብላ ጠየቀችኝ። ዳኑታ ተነሥታ ሳሉን፣ አላርሙን፣ የኔን ማንኪያ አያያዝ ሁሉ ሠርታ አሳየቻት። ራሄል ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደ። አቀፍኳት። ምንም አላልኳትም፣ ቃሌ ነው። ምላሴን ነክሼ! እንዴት እንደከበደኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

ራሷ ሠራችልን፣ መስኮት ከፍታ፣ በቀስታ እሳት። እየበላን ተናገረች። እናቷን ጠልታ አይደለም። ስልኩን ባነሳች ቁጥር "ተመለሺ" ነው። አንድ ቀን እንኳ ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀቻትም። ምን እንደሆነች ግን ለእኔም አልነገረችኝ። አልጠየቅኳትም።

ፎቶ ላንሳሽ አልኳት። አይ፣ ያየሽውን ንገሪያት አለች። በርበሬውን ቦርሳዋ ከተተችው። በር ላይ ደርሳ ዞር አለችና፣ እማዬን፣ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት አለችኝ።

እፎይ። እፎይ ደብተሬ። ሻንጣዬ ባዶ ነው፣ እንዴት ይቀላል!

እሁድ፣ ጁን 22። ሪችፊልድ

ቤቴ ነኝ። ኤርፖርቱ ቅርባችን ነው፣ አውሮፕላኑ እንደ ልማዱ ጣሪያችንን ሊነካ ምንም አይቀረው።

እትዬ ዘውዴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቁጭ አሉ። ፊቷን ንገሪኝ። ነገርኳቸው። ጉንጯ ሞልቷል። ፀጉሯን አሳጥራለች፣ ያምርባታል። ዓይኗ ሥር ትንሽ ድካም አለ፣ የሥራ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። "ያ ከልጅነቷ ነው" አሉ። በርበሬውን መፍታቴንም ነገርኳቸው። በኃይል ተቆጡኝ፣ ደስ አለኝ። ስለ ጉልበታቸው መጠየቋን ስነግራቸው ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

ከዚያ ያንኛውን ልናገር ወይስ ልተው? እሷን ምንም አትበያት አሉኝ እንጂ ለእኔ አትንገሪኝ አላሉም። የተጎዳውን ደብቆ ማስረከብ የለም። እትዬ፣ አንድ ቀን ምን ሆንሽ አላለችኝም ብላለች አልኩ። አውሮፕላን አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቅን። ተነሥተው ደህና ዋይ ሳይሉኝ ደረጃውን ወረዱ።

አጠፋሁ መሰለኝ። ምላሴ!

ማክሰኞ፣ ጁን 24፣ ጠዋት

ወደ ሻኮፒ ልወጣ ቁልፌን ስፈልግ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘውዴ። ዓይናቸው አብጧል፣ ፊታቸው ግን ፈክቷል። ልከውላት ነበር፣ በድምፅ፣ አንድ ነገር ብቻ። ምን ሆንሽ ልጄ? ብለው። እሷም መለሰች። ረጅም ነው አሉ። ምን እንዳለች አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አየሽ፣ እየተማርኩ ነው።

ቆም ብለው ግድግዳውን አዩ። "እንዲያው ያ ሆስቴል የምትሉት፣ አልጋው ከላይ ነው ከታች?"

ከእኔ ጋር ይሄዳሉ እንዴ አልኳቸው። ሴፕቴምበር ላይ፣ ብርዱ ሳይገባ አሉ። ሻንጣዎን እኔ አሽጋለሁ፣ ሰባት ኪሎ ነው የሚፈቀደው፣ በርበሬ ግን በቴፕ አይጠፈርም አልኩ።

ምንም አልይዝም አሉ። ባዶ እጄን ነው የምሄደው። ይዤ ከሄድኩ የማወራው ስለ ዕቃው ነው። አሁን መስማት ነው የምፈልገው።

ባዶ እጃቸውን! እትዬ ዘውዴ!

ቤቲ ከአልጋዋ ሳትነሣ ቡክ እያደረገችልን ነው። የሴቶች ክፍል ብቻ፣ ውድም ቢሆን። ለጸሎት ቡድኑ ተመልሰን ስንመጣ ነው የምንነግረው፣ ተማምለናል። አንድ አልጋ ከታች፣ ለእሳቸው። ከላይ እኔ። የሥራ ሺፍቴ ሊያልፍብኝ ነው፣ ቁልፌ የት ገባ?