ስለታጠነው የመዋኛ ገንዳዬ

ለተከበሩ አቶ ማንያዘዋል
የሠፈራችን የንጽሕና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለጓሮ ሽንኩርትዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

እንደሚያውቁት ከሆስፒታል ላቦራቶሪ ጡረታ የወጣሁ፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤትዎ ነኝ። ባለቤቴን ወይዘሮ እቴነሽን ጉልበቷን ስለሚያማት ሐኪም ውሃ ውስጥ እንድትራመድ አዘዘላት፤ እኔም በግቢያችን ትንሽ የመዋኛ ገንዳ አሠርቼ፣ በስምንት ቀን አንዴ ብቅ በምትለው የቧንቧ ውሃችን በአራት ወር ሞላሁት። ክሎሪኑንና ፒኤቹን ጠዋት ማታ እየለካሁ ሳስተካክል ከርሜ፣ እቴነሽ ያለ ከዘራ ደረጃ መውጣት ጀምራ ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ይቀበሉኝ።

፩. ሰኞ ዕለት ግቢዬ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል የሚል ጥቆማ ደርሷችሁ አምስት ሆናችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዝናቡ ውሃውን አረንጓዴ ስላደረገብኝ በዚያው ጠዋት ክሎሪኑን አራት እጥፍ ጨምሬ፣ እስከ ማግስቱ ማንም እንዳይነካው ለምኜ ነበር። ኮሚቴው ግን ከመመርመሪያ ወረቀቴ ይልቅ ምላሱን አመነ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ሁለቴ ቀምሰው፣ ሁለቴ አስነጥሰው፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «ጨው ይጎድለዋል» ብለው አስፍረዋል።

፪. ከሁላችሁም በዕድሜ የሚበልጡት አያ ዓለምነው ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ውሃውስ ሸጋ ነው፤ ምነው ዕቃው ሳይታጠን ሞላችሁት?» አሉ። በአምስት ድምፅ ተወሰነ። የአራት ወር ውሃዬ በአንድ ከሰዓት ተለቀቀ፤ ገንዳው በሸራ ተከድኖ እንደ ጠላ ጋን በወይራ ታጠነ። ሰማያዊው ሴራሚክ አሁን ጥቁር ነው፤ ሽታው ግን ግሩም ነው።

፫. ማክሰኞ እቴነሽ ፎጣዋን ይዛ ወጣች። ባዶውን ገንዳ አየችና ተመልሳ ከዘራዋን ፈለገች። እዚህ ላይ የማመሰግንበት ቃል አጣሁ፤ በጣም አዝኛለሁ።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ ውሃ በመጣ ቁጥር አምስታችሁም በየጄሪካናችሁ እያመጣችሁ ገንዳውን መልሳችሁ ሙሉልኝ። ክሎሪኑን እኔ እችለዋለሁ።

በወይራ ጢስ እንደታጠንኩ፣ የእኔ ጉልበት ገና ደህና ነውና ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ
ፊልጶስ ታከለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግቢዬ ከግቢዎ ከፍ ያለ መሆኑን ቃለ ጉባኤው አላነሣም። ውሃው ግን ያን ሁሉ ክሎሪን ይዞ በአጥሩ ሥር ወደ ሽንኩርት መደብዎ ወርዷል። ዛሬ ጠዋት ሳየው ቅጠሉ ነጥቷል። እባክዎ አያ ዓለምነውን አይጥሯቸው፤ ሽንኩርት አይታጠንም።